ወደ ሰሜን ለመሄድ ለምታመነታው፤ ከሐይቅ ዳር የተጻፈ

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ በምታነብበት ሰዓት ምናልባት በኪስህ አንድ የምደባ ደብዳቤ ይኖር ይሆናል። በደብዳቤው ላይ የተጻፈው የሥራ ቦታ ስምም በካርታ ላይ ካልሆነ በቀር አይተኸው የማታውቀው አገር ይሆናል። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ተምሮ፣ ዲግሪውን በያዘ ማግስት «ሂድና በሰሜን ሥራ» የተባለ ሰው የሚሰማውን ስሜት እኔ አውቀዋለሁ፤ ደርሶብኛልና። ስለዚህ ዛሬ የምተርክልህ ስለ አንድ ሐይቅና ስለ አንድ ተራራ ብቻ አይደለም፤ ወደዚያ ላለመሄድ ጥቂት ስለ ቀረው አንድ ወጣት መምህር ጭምር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የደረሰኝ ደብዳቤ በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅ ከተማ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ እንዳስተምር የሚያዝ ነበር። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ አልተለወጠም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ቡና በተፈላ ቍጥር የእኔ ጕዳይ እንደ ክስ ፋይል ይቀርብ ጀመር። አጎቴ 1966ንና 1977ን የሚያስታውስ ሰው ነውና «ወሎ እኮ የረሀብ አገር ነው» አለ። አክስቴ «ጦርነቱ ገና መቼ በረደና!» አለች። አብሮኝ የተመረቀው ጓደኛዬ ደግሞ «ከአዲስ አበባ አንዴ የወጣ ሰው ይረሳል፤ የውጭ ትምህርት ዕድል ቢመጣ፣ የተሻለ ሥራ ቢወጣ፣ ማን ይነግርሃል?» ብሎ መከረኝ። እናቴ ምንም አልተናገረችም፤ ዝም ብላ ከቁም ሣጥን ውስጥ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ትመርጥ ነበር።

እኔም ማታ ተቀምጬ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዐምድ አሰመርኩ። በአንዱ ራስ ላይ «ልቅር»፣ በሌላው ራስ ላይ «ልሂድ» ብዬ ጻፍኩ። በ«ልቅር» ሥር ዘጠኝ ምክንያት ተደረደረ። በ«ልሂድ» ሥር የተገኘው ግን ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱ ደሞዝ፣ ሁለተኛው ይሉኝታ። እውነቱን ልናገርና በዘጠኙ ውስጥ ያልጻፍኩት ዐሥረኛ ምክንያትም ነበረ፤ ይኸውም ስሜን የሚያውቅ አንድ ሰው በሌለበት ከተማ ብቻዬን ማምሸትን መፍራቴ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እንግዲህ ጀግንነት ሳይሆን ደሞዝና ይሉኝታ ገፋፍተውኝ በጥር ወር ተነሣሁ።

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ሲደርስ የደጋው ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጕልበት ያንቀጠቅጣል። ከዚያ ጣርማ በር ይመጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራውን ሰንጥቆ በተሠራው ዋሻ ጨለማ ውስጥ ታልፍና ወዲያ ማዶ ስትወጣ ምድር ከእግርህ ሥር የወረደች ይመስልሃል። ይህ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ግድግዳ ነው። በአፍታ ውስጥ ደብረ ሲና፣ ቀጥሎም ሸዋ ሮቢት ትደርሳለህ፤ ጠዋት የለበስከውን ካፖርት አውልቀህ ሸሚዝህን ትፈታለህ። ከሚሴን አልፎ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻም በጠመዝማዛው ዳገት ሽቅብ ወጥቶ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠችው ደሴ ትገኛለች። በአንድ ቀን ውስጥ ደጋ፣ ቆላ፣ እንደገና ደጋ አየሁ። በጂኦግራፊ መጽሐፍ ተምሬው የነበረውን ሰውነቴ በላብና በብርድ ደግሞ ተማረው።

ደሴ አድሬ በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ሰሜን ቀጠልኩ። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በመንገዱ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ነጋዴ በክርኑ ጎሰም አደረገኝና በጣቱ አመለከተኝ። በተራሮች መካከል ሰማያዊ ውሃ ተንጣሎ አየሁ። ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት ቅሬታ በዚያች ደቂቃ ጠፋ ብልህ ውሸት ይሆናል፤ ግን ለጊዜው ማሰብ አቆምኩ።

የሐይቅ ከተማ ስሟን የወሰደችው ከዚሁ ውሃ ነው። ሐይቁ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ወይና ደጋ ነው። ከእርሱ ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእርሱ ግን በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለም። በጥንት ከነበረው ከአምባዛ ሌላ፣ ዛሬ በየምግብ ቤቱ የሚጠበሰው ቆሮሶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ነው። የአገሩ ሰው ስለ ሐይቁ አፈጣጠር ሲተርክ፣ በጥንት ዘመን አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት፤ እግዚአብሔርም ተቈጥቶ ሴትዮዋ ከተቀመጠችባት መሬት በቀር ዙሪያውን ሁሉ ወደ ውሃ ለወጠው፤ ያች የተቀመጠችባት ቦታ ደሴት ሆነች ይላል። ደሴቲቱ ዛሬ ከየብስ ጋር ተገናኝታለች፤ የታወቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘውም በእርስዋ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዐሥረኛው ምክንያቴ ልመለስ። የተከራየሁት አንድ ክፍል ቤት ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሙስሊም እናት ናቸው። በመጀመሪያው ማታ በሬን ዘግቼ አልጋ ላይ ተጋድሜ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። «አንተ ልጅ፣ እንግዳ ሰው ብቻውን ያመሻል እንዴ? ና ውጣ፣ ቡና ደርሷል» አሉኝ። ወጣሁ። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል። ስኒው ሲመጣ «ጀባ» አሉኝ፤ በወሎ አንድ ነገር በደስታ ሲሰጡህ የምትሰማው ቃል ነው። አቦሉን ጠጥቼ ልነሣ ስል ሳቁብኝ፤ ቶናው አለ፣ ከቶናው በኋላም በረካው አለ። በረካው ሳይጠጣ፣ ምርቃቱ ሳይደርስ መነሣት ምርቃት ጥሎ እንደ መሄድ ነው። ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ ድረስ የማን ልጅ እንደ ሆንኩ፣ እናቴ ስንት እንደ ወለደች፣ ለምን እስካሁን እንዳላገባሁ ሁሉም ዐውቆ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አራት ሰዎች በስሜ ጠርተው ሰላም አሉኝ። አየህ፣ ያ ያልጻፍኩት ፍርሃት ዕድሜው አንድ ሌሊት ብቻ ሆነ።

በእኒህ እናት አፍ የማትጠፋ አንዲት ቃል አለች፤ «አብሽር» የምትል። ውሃ ሲጠፋ አብሽር፣ መብራት ሲሄድ አብሽር፣ ደሞዝ ሲዘገይ አብሽር። «አይዞህ፣ ነገሩ ደግ ይሆናል» ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ቃሉ ችግርን የማቃለያ ዘዴ መስሎኝ ነበር። ቈይቼ ግን አብሽር ባይዋ ሁልጊዜ ቃሉን አስከትለው አንድ ነገር እንደሚያደርጉ አስተዋልኩ፤ ውሃ የጠፋ ዕለት «አብሽር» ብለው የራሳቸውን እንስራ ግማሽ ያካፍሉኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገናኙ፤ ትንሣኤ ሚያዝያ 8 ቀን፣ ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 13 ቀን ዋለ። እኔ የሁዳዴን ጾም፣ እርሳቸው የረመዳንን ጾም ይዘን ማታ ማታ ሽሮው ለሁለታችንም የተፈቀደ ስለ ሆነ በአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጠን እናፈጥር ነበር። በበዓሉ ቀን ግን ለየራሳችን የታረደውን በየራሳችን በላን። ወሎን በሩቅ የሚያወድሱ ሰዎች ልዩነት የሌለ አስመስለው ያወሩልሃል። እኔ ያየሁት እንደዚያ አይደለም። ልዩነቱ አለ፤ ሕዝቡ ግን የት ላይ እንደሚጀምርና የት ላይ እንደሚያበቃ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ በእርሱ ምክንያት አይጣላም። የክፍሌን ስም መጥሪያ ስገልጥ የተማሪው ስም የእስላም፣ የአያቱ ስም የክርስቲያን ሆኖ አገኛለሁ፤ ተቃራኒውም እንዲሁ። የአንድ ሐረግ ሰዎች ናቸው።

አሁን ስለ ገዳሙ ላውጋህ። አጀማመሩን ትውፊት ወደ 9ኛው መቶ ዘመን ያደርሰዋል፤ ዝናው የገነነው ግን በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ተምረው ወደዚህ ከመጡ በኋላ ነው። እርሳቸው በሐይቅ ዳር የመሠረቱት ገዳም ትምህርት ቤትም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 ለገዳሙ ያስጻፉት ወንጌል በአገራችን ዘመናቸው ተለይቶ ከሚታወቁት የብራና መጻሕፍት መካከል ከጥንታውያኑ አንዱ ነው። የገዳሙ አለቃም «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ በነገሥታቱ ግቢ ከፍተኛ ሥልጣን ነበረው። ወደ ገዳሙ የምትመጪ እኅቴ አንባቢ፣ ሥርዐቱ ሴት ስለማያስገባ አንቺ ከዳር ሆነሽ እንድታዪው ትገደጃለሽ፤ ይህን አስቀድመሽ ብታውቂ ይሻላል።

እኔን ያስገረመኝ የተማሪዎቹ ስም ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ገድላቸው እንደሚተርከው ተወልደው ያደጉት በሸዋ ነው፤ ትምህርት ፍለጋ ወደ ሰሜን መጥተው በሐይቅ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘንድ ዓመታት ተቀመጡ፤ ከዚያም ደብረ ዳሞ ደርሰው ወደ ሸዋ በመመለስ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ከደቡብ ተነሥቶ ወደ ሰሜን በመምጣት የእኔና የአንተ ትውልድ የመጀመሪያው አይደለም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የመጡበት መንገድ የአውቶቡስ ጣቢያ አልነበረውም።

ሌላው ተማሪ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ናቸው፤ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ «መጽሐፈ ምስጢር»ን የደረሱት ሊቅ። ገድላቸው እንደሚለው በሐይቅ ሲማሩ ትምህርቱ አልገባ ብሏቸው ለብዙ ጊዜ ለገዳሙ እህል እየፈጩ አገልግለዋል። ይህን ታሪክ በየዓመቱ መጀመሪያ ለአዲስ ተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። በመጨረሻው ወንበር የሚቀመጡት ልጆች ቀና ብለው ሲያዳምጡኝ ደስ ይለኛል።

ቀረብ ወዳለው ዘመን እንምጣ። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያዝ ደንብ ወጣ፤ አብዛኞቹም መምህራን ሆኑ። የአዲስ አበባ ሸንጎ በእነዚያ ወጣቶች ላይም እንደ እኔ ተሰይሞባቸው እንደ ነበር አልጠራጠርም። ብዙዎቹ አገራቸውን ያወቁት በዚያ አንድ ዓመት ነው።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን የወልድያን መንገድ ይዘህ ስትሄድ አምባሰል ይመጣል። የስሙን ትርጕም የአገሩ ሰው «የማር አምባ» ማለት ነው ይላል፤ «ዐሰል» በዐረብኛ ማር ነውና። ገዥው «ጃንጥራር» በሚባል፣ በሌላ አገር በማይገኝ ማዕረግ ይጠራ ነበር፤ የእቴጌ መነን አባትም ጃንጥራር አስፋው ናቸው። በደሴ እስከ ዛሬ በስማቸው ትምህርት ቤት የሚጠራላቸው ወይዘሮ ስኂን ደግሞ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌይቱም እናት ናቸው። በዚሁ አምባሰል የመስቀል ቅርጽ ያላት የግሸን አምባ ትገኛለች። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች በዙፋን እንዳይጣሉ በእርስዋ ላይ ተጠብቀው ይኖሩ ነበር፤ ዛሬ መስከረም 21 ቀን የግሸን ማርያምን በዓል ለማክበር ከአገሩ ሁሉ ሕዝብ ይጎርፍባታል።

አንድ ቅዳሜ ከእኔ በዕድሜ ከሚበልጡ አንድ ባልደረባዬ ጋር ወደ ውጫሌ ሄድኩ። ላፍርበት የሚገባኝን ነገር ልንገርህ፤ ታሪክ አጥንቼ የተመረቅሁ ሰው ሆኜ ሳለሁ ውጫሌ ለእኔ የውል ስም እንጂ የሰው መኖሪያ አልነበረችም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በይስማ ንጉሥ በምኒልክና በጣሊያኑ መልእክተኛ በአንቶኔሊ መካከል የተደረገውን ውል፣ አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይችላሉ» ሲል በጣሊያንኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የምትነጋገረው በጣሊያን በኩል እንዲሆን ማስገደዱን፣ በዚህም የተነሣ ነገሩ እስከ ዐድዋ ድረስ፣ እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መድረሱን በቃሌ እወጣዋለሁ። ግን በዚያ ስፍራ እናቶች ሽንኩርትና ጌሾ ዘርግተው እንደሚሸጡ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እንደሚሯሯጡ አስቤው አላውቅም ነበር። ባልደረባዬ ዙሪያውን እያሳዩኝ «እዚህ ነው እንግዲህ፣ አንድ ቃል ጦርነት ያመጣው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አንቀጽ 17ን ሳስተምር ድምፄ ተለወጠ፤ ተማሪዎቼም ለውጡን አስተውለዋል።

«አምባሰል» የቅኝት ስም መሆኑንም አትርሳ። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። የማሪቱ ለገሠን ድምፅ በአዲስ አበባ በሬዲዮ ሰምቼ «ደስ የሚል ዘፈን» ብዬ አልፌው ነበር። ማታ ጀምበር ከአምባዎቹ ጀርባ ስትጠልቅ፣ አንዱ ጎረቤት ክራሩን ሲቃኝ ስሰማ ነው ያ ዜማ ለምን ወደ ላይ ወጥቶ እንደገና እንደሚወርድ የገባኝ መሰለኝ።

አንባቢ ሆይ፤ እስካሁን የነገርኩህ ደስ ደስ የሚለውን ነው። አሁን የአጎቴንና የአክስቴን ጥያቄ ልመልስ፤ ሁለቱም ከንቱ ወሬ አልነበሩምና።

አጎቴ ያለው ረሀብ እውነት ነው። በ1965 እና በ1966፣ እንደገናም በ1977 ወሎ የደረሰበትን መከራ ዓለም ሁሉ አይቶታል። ግን በሐይቅ ዙሪያ ጤፍና ማሽላ ይበቅላል፤ የበልግ ዝናብ በጊዜው ከመጣና ክረምቱ ካልከዳ ገበያው ይሞላል። ረሀቡ የመጣው ሰማይ በከዳ ጊዜ መንግሥትም ስለ ዘገየ ነው እንጂ ምድሪቱ ወይም ሰዉ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ይህን ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው በ1977 በሰፈራ ተወስዶ ኢሉባቦር ሄዷል። በዚያና በተከታዩ ዓመት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የተወሰደው ሕዝብ 600,000 ያህል ነበር፤ ብዙው ሳይጠየቅ። አንድ ማታ ስለ ብቸኝነቴ ሳማርር ሽማግሌው ዝም ብለው ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ አንተ ደብዳቤ ተጽፎልህ፣ ደሞዝ ተቈርጦልህ መጣህ። ወንድሜ የሚሄድበትን አገር ስም እንኳ የነገረው አልነበረም። ግን እዚያ ያገኘው ሰው አብልቶ፣ አልብሶ፣ ሚስት ድሮ አኖረው። ታዲያ እኛ አንተን የማናኖርህ ለምንድን ነው?» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ብቸኝነት በእርሳቸው ፊት አላወራሁም።

የአክስቴ ነገር ይበልጥ ይከብዳል። እኔ ከመምጣቴ በፊት፣ በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ይህንኑ አካባቢ አዳርሶ ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል ሳስተምር፣ ኅዳርን የት እንዳሳለፉ የሚናገሩ ልጆች ነበሩ፤ የማይናገሩም ነበሩ። የማይናገሩትን አለመጠየቅ ተማርኩ። በጥቅምት 2015 የሰላም ስምምነት በፕሪቶሪያ ከተፈረመ በኋላ ጥቂት ወራት እፎይ አልን። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ግን በአማራ ክልል እንደገና በተነሣው ግጭት የተነሣ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ መንገድ የሚዘጋበት፣ እናቴ ድምፄን ሳትሰማ የምታድርበት ቀን መጣ። ይህን ደብቄ «ና፣ ሁሉ ሰላም ነው» ብልህ በደልኩህ ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን ፈተናዬ መጣ። በ2016 ዓ.ም. አንድ ዘመዳችን በአዲስ አበባ የቢሮ ሥራ እንዳገኘልኝ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ እንድሰጥ አስታወቀኝ። ያ አሮጌ ወረቀት ትዝ አለኝ፤ ዘጠኙ ምክንያት በሙሉ እንደገና ተነሥቶ ቆመብኝ። ለማንም ሳልናገር ልብሴን ማጠፍ ጀመርኩ። ግን በትንሽ ከተማ ምሥጢር አይቈይም። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከክፍል ስወጣ ተከትላኝ መጣችና «ቲቸር፣ እርስዎም ይሄዳሉ?» አለችኝ። ንዴትም ልመናም አልነበረበትም፤ መልሱን ለመልመድ የምትዘጋጅ ትመስል ነበር። የወጋኝ «እርስዎም» የሚለው ቃል ነው። በአንዲት ፊደል «ም» ውስጥ ከእኔ በፊት የሄዱት መምህራን ሁሉ ተሰልፈው ቆመው ነበር።

ልጅቱ ምን ይጠብቃት እንደ ነበር ላስረዳህ። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት በመላው አገሪቱ ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015ም ከመቶ 3.2። አዲስ አበባ ሆኖ፣ አስጠኚ ተቀጥሮለት፣ መብራት ሳይጠፋ የተማረውም በብዛት ወድቋል። እንግዲህ ጦርነት የትምህርት ወራቱን የቈረጠበት፣ መምህሩ በዓመቱ አጋማሽ የሚሄድበት የወሎ ልጅ በምን ተስፋ ይቀመጣል? ሁለቱን ሳምንት አልተኛሁም። የቤት እመቤቴ አንድ ሌሊት ልብስ ስሰበስብ አይተውኝ ኖሮ፣ በማግስቱ ቡና ላይ «አብሽር፤ ብትሄድም እንመርቅሃለን» ብቻ አሉኝ። ቢቈጡኝ በቀለለኝ ነበር።

በመጨረሻ ለዘመዳችን ጻፍኩለት፤ ለበጎ ሐሳቡ አመስግኜ፣ እነዚህን ልጆች ለፈተና ሳላደርስ እንደማልነሣ ነገርኩት። ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት ተጨማሪ ትምህርት ጀመርን። ባልደረባዬም ሒሳብ ይዘው ተጨመሩ። ውጤቱ ተአምር ነበር ብዬ አላታልልህም፤ በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ ያለፉት ከመቶ 5.4 ናቸው፤ የእኛም ልጆች ያለፉት በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ያች ተማሪ ከእነርሱ ጋር አልነበረችም፤ ጥቂት ነጥብ ጐድሏት በማካካሻ ትምህርት አድርጋ ገባች። ከዩኒቨርሲቲ ስትደውልልኝ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «እስካሁን እዚያው ነዎት?» ብላ ነው። «እዚሁ ነኝ» ስላት ትስቃለች።

አሁን ደብዳቤህን በእጅህ ይዘህ ላለኸው ለአንተ ጥቂት ምክር ልስጥህ። አንደኛ፣ ስለ አገሩ የምትጠይቀው አገሩን የሚያውቀውን ሰው ይሁን፤ እኔ ካማከርኳቸው ሰዎች መካከል ሐይቅን ያየ አንድም አልነበረም። ሁለተኛ፣ የመንገዱን ሰላም በምትነሣበት ሰሞን አጣርተህ ተነሣ፤ ልክ አይደለም ከተባልህ ቈይ። ድፍረት ለሌላ ጊዜ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ለደሴ ብርድ ልብስ፣ ለኮምቦልቻ ሸሚዝ ያዝ፤ ለሐይቅ ሁለቱም ይበቁሃል። ከልብስ ይልቅ መጻሕፍት አብዛ፤ ብታመጣቸው ብቻህን አታነባቸውም። አራተኛ፣ ቡና ሲጠሩህ ሂድ፤ በረካውንም ጠብቅ። ዐምስተኛ፣ ሐዘኔታህን አዲስ አበባ ትተህ ና፤ ሰው የሚፈልገው ሥራህን እንጂ ማዘንህን አይደለም። ስድስተኛና የመጨረሻው፣ አንድ በልግና አንድ ክረምት ሳታሳልፍ አትፍረድ። በመጀመሪያው ወር ብጠየቅ ኖሮ ሌላ ጽሑፍ እጽፍልህ ነበር።

ሁሉ ሰው ይምጣ አልልም። የታመመች እናት ያለችው፣ ቤተ ሰቡን ብቻውን የሚያስተዳድር፣ ልቡ ጨርሶ እምቢ ያለው ሰው ቢቀር አይወቀስም። እኔ የምናገረው፣ ሳያይ ስለሚፈራው ሰው ነው። ያን ሰው በደንብ አውቀዋለሁ።

ባልደረባዬ በሐይቁ ዳር ስንሄድ አዲስ የመጣን መምህር ሁሉ የሚያስቁባት አንዲት ቀልድ አለቻቸው። «ይህ ሐይቅ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም፤ መምህሩም እንደዚሁ ነው» ይላሉ። እርሳቸው ከሌላ አውራጃ ለሁለት ዓመት ብለው መጥተው ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። እኔ ስንት ዓመት እንደምቀመጥ አላውቅም። ግን ያን ባለ ሁለት ዐምድ ወረቀት በቅርቡ በመጽሐፍ መካከል አገኘሁትና «ልሂድ» በሚለው ሥር ለመጨመር ብዕር አነሣሁ። ቦታ አልበቃኝም።

አንባቢ ሆይ፤ አንተም ዛሬ ማታ ወረቀት አስምረህ ብትቀመጥና ሁለተኛው ዐምድ ባዶ ሆኖ ቢታይህ አትደንግጥ። እዚያ የሚጻፈው ገና አላገኘህም እንጂ አለ፤ የሚጽፉልህም ሰዎች ቡናቸውን አፍልተው ተቀምጠዋል። አብሽር።